ስለት ያለባት መኪና

ንፋስ መውጫ ላይ ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ አለው። የቤታችንን ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ ያጎነብሳል፣ ከዚያ ጓሯችን ወደቆመችው የጭነት መኪና ይገባና በተሰበረው የበሯ መስታወት ሲወጣ ያፏጫል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ያንን ፉጨት እየሰማሁ ነው መስኮቴ ስር ቁጭ ብዬ ስንት ቀሚስና ስንት የተማሪ ዩኒፎርም የጨረስኩት። አንዳንዴ እጄ ጨርቁን እየገፋ ዓይኔ ወደ መኪናዋ ይሄድና፣ የቆመች ሳትሆን በጣም ቀስ ብላ የምትጓዝ፣ ማንም ሳያያት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ግቢው በር የምትጠጋ ይመስለኝ ነበር። ይህንን ለእናቴ ብነግራት "አንቺስ ጠበል ያስፈልግሻል" አለችኝ።

መኪናዋ የአባቴ ናት። የዱሮ ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሏት፣ ፊቷ ጠፍጣፋ፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚለይ የጣሊያን መኪና። አባቴ በደህናው ዘመን ከንፋስ መውጫ ወገዳ፣ ከወገዳ እስቴ፣ መንገድ ባለበትም በሌለበትም ነድቷታል። በኋላ የናፍጣ ፖምፓዋ ተበላሸ። መለዋወጫ ሲፈለግ አንድ ክረምት አለፈ፤ ክረምቱ ሲወጣ ፈጣኖቹ አይሱዙዎች ገበያውን ይዘው ጠበቁን። እሷም እንደቆመች ቀረች። ጋቢናዋ ውስጥ ዶሮዎች ይጥሉ ጀመር። ጣሪያዋ ላይ እናቴ በርበሬ ታሰጣለች። የጎን ሳንቃዎቿ አንድ በአንድ ለማገዶ ሄዱ። ጎማዎቿ ቀስ በቀስ መሬት ውስጥ ሰመጡ፤ ሰማያዊ ቀለሟን ፀሐይ በላው። አባቴ ግን በየጠዋቱ ፊቱን ታጥቦ ሳይደርቅ ወደ ጓሮ ይሄድና የበሯን እጀታ ይነካል። አይከፍተውም። ብቻ ይነካና ይመለሳል።

ለረጅም ጊዜ ይህን ፍቅር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ፍቅርም ነበረበት፤ ዋናው ነገር ግን ስለት ነው።

ነገሩ የሆነው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ ከወገዳ ጭኖ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጉም ያዘው። ይህንን ሲያወራ ሁልጊዜ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ዓይኑም እጁ ላይ ያርፋል። "ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መስታወቱ ላይ ተቀመጠ" ይላል። "መንገዱ የለም። ፍሬኑን ስረግጠው ወለሉ ድረስ ወረደ፣ የሚይዝ ነገር የለም።" ያኔ ነው ጮኾ የተሳለው። "እመቤቴ ማርያም፣ ከዚህ ካወጣሽኝ፣ በዚችው መኪና፣ በገዛ እጄ ነድቼ፣ ለቤተ ልሔም ተማሪዎች አንድ ሙሉ ጭነት እህል አደርሳለሁ!" መኪናዋ የአፈር ግድግዳ ላይ ተደግፋ ቆመች። አባቴ ወርዶ መሬቱን ሳመ።

በወገዳ በኩል ያለውን የድጓ ጉባኤ፣ ቤተ ልሔምን፣ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ሆኖ ድጓ ሊማር እዚያ ገብቶ ነበር፤ በልመና ቁራሽ እየኖረ፣ ጎጆ ውስጥ ገለባ ላይ እየተኛ። አንድ ቀን ከሩቅ የመኪና ድምፅ ሰማና ደብተሩን ጥሎ ድምፁን ተከትሎ ሄደ። የኔታን እንኳ አልተሰናበተም። ከዚያ ረዳት ሆነ፣ ከዚያ ሾፌር። ረሃቡን ግን አልረሳውም። በኋላ እኛ ቤት እንጀራ ተቆርሶ ሲተርፍ ካየ ቁራሹን ያነሣና ይበላዋል።

ስለቱ ወዲያው አልደረሰም። ዘንድሮ መኸሩ አላማረም፣ ለከርሞ ይሁን። ከርሞ ደግሞ ጎማዎቹ አልቀዋል። እንዲህ እየተባለ ሲቆይ መኪናዋ ቆመች። የታመመ ከብት፣ የወደቀ አጥር፣ የልጅ ትኩሳት፣ ቤታችን ውስጥ የሆነ ክፉ ነገር ሁሉ አባቴ ዘንድ ሲደርስ ትርጉሙ አንድ ነበር፤ ያልደረሰው ስለት። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል።

ሚሊኒየሙ አልፎ፣ ባጃጅ ከተማችን ውስጥ መንጫጫት በጀመረበት ሰሞን፣ አባቴ ደጃፉ ላይ የቆመውን የውሃ ጀሪካን ሳያየው በእግሩ ገለበጠው። በማግስቱ በሩን ስቶ ግድግዳውን መታ። ይዤው ሐኪም ቤት ሄድኩ። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለጥቂት ጊዜ ያቆየው ይሆናል እንጂ አያድነውም። አባቴ ግራና ቀኙን ማየት አቁሞ ነበር፤ የሚታየው ፊት ለፊቱ ያለው ብቻ ነው፣ በመቃ ቀዳዳ እንደሚመለከት ሰው። በአውቶብስ ስንመለስ መንገዱ ሊያልቅ ሲል "በገዛ እጄ ነድቼ ነው ያልኩት" አለ። ስለ ምን እንደሚያወራ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት እናቴ ታውቃለች። እናቴ አባቴን አንቱ ትለዋለች፣ እኔ ግን ብቸኛ ሴት ልጁ ነኝና አንተ እያልኩ እንደልቤ ስናገረው ኖሬያለሁ። የዚያን ቀንም ቤት እንደገባን አፌን ከፈትኩ።

"አይሱዙ እንከራይና እህሉ ይድረስ አባባ! እመቤቴ ማርያም ታርጋ ታያለች እንዴ?"

እናቴ ደንግጣ አማተበች። አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የንስሐ አባታችን እንኳ መጥተው መከሩት፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡና "ስለት በአቅም ነው። እህሉ ይድረስ እንጂ በምን ደረሰ አይባልም፤ እኔ እፈታዎታለሁ" አሉት። አባቴ መስቀላቸውን ተሳለመና "አባቴ፣ እርስዎ ይፍቱኝ። እኔ ነኝ ራሴን የማልፈታው" አላቸው። ተነሥቶ ወጣ። በመስኮቴ ሳየው እጀታውን ፈልጎ ለማግኘት የመኪናዋን ጎን በመዳፉ ይዳብስ ነበር። ያ አንጀቴን በላው። ዓይኑ ተሟጦ ሳያልቅ ይቺ መኪና መነሣት አለባት አልኩ፤ ሌላ መንገድ የለም።

የአባቴ የድሮ ረዳት አሁን ከተማችን ውስጥ ጋራዥ አለው። እስቴ የተወለደ፣ ወፍራም፣ ሳቅ የሚቀድመው ሰው ነው። ጠርቼው መጣ። መኪናዋን ዞሯት፣ ጎንበስ ብሎ ከስሯ አየና ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ለዚችስ ጥገና አይበቃትም፣ ትንሣኤ ነው የሚያስፈልጋት።"

"ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?" አለው አባቴ።

"ድንጋዩን ላንከባልል" አለና ሳቀ።

ሥራው ግን በዶሮ ተጀመረ፤ በዶሮም ቆመ። ጋቢናው ውስጥ፣ የሾፌሩ መቀመጫ ላይ፣ አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፋ ነበር። እናቴ የታቀፈች ዶሮ ከተነካች እንቁላሉ ሁሉ ይበላሻል፣ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ጋቢናው አይከፈትም አለች። ደሜ ፈላ። አባቴ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብርሃን እየጎደለበት፣ እኛ የዶሮ ፈቃድ እንጠብቃለን! መካኒኩ ከስር ከስር ያለውን እየፈታ ቆየ። ዶሮዋም በመስታወቱ ቀዳዳ አንገቷን አውጥታ ቁልቁል ታየው ነበር፤ የመኪናዋ ባለቤት እሷ የሆነች ይመስል። ጫጩቶቹ ወጥተው ሲንጫጩ ከማንም ቀድሞ የሰማው አባቴ ነው።

ከዚያ መኪናዋን ከተቀበረችበት ማውጣት ነበረብን። ጥር ነው፤ ውቂያው አልቋል፣ በሬዎች ሥራ ፈተዋል። የአባቴ ዘመዶች ከገጠር በደቦ መጡ፣ ጥማድ በሬዎቻቸውን እየነዱ። እናቴ ጠላ ጠምቃ ነበር። መካኒኩ ጎማዎቹን ከአፈር አስለቅቆ ነፋቸው፤ ከዚያ ሰንሰለት ከቀንበሩ ታሰረ፣ ጥማድ ከጥማድ ተቀጣጠለ፣ ጅራፍ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ "ና! ሂድ!" አለ። መሪውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋልና አባቴ ወጥቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። በሬዎቹ አንገታቸውን ወደ መሬት ሰደዱ። ከዚያ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፣ ሣሩ ከሥሩ ተነቀለ፣ መኪናዋም እየተንቋቋች ወጣች። የአባቴን ፊት አየሁት፤ ፊት ለፊት በሬዎቹን ብቻ እያየ፣ ከንፈሩ ተገጥሞ፣ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይዟል። ወገዳ ድረስ በበሬ ቢጎትቱት አይወርድም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንደ አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ነው የማስታውሳቸው። ግቢው በብረት ዕቃ ተሞላ። ከናፍጣ ታንከሯ እንደ ማር የወፈረ ጥቁር ዝቃጭ ወጣ። ፖምፓው ከሌላ የሞተች መኪና ተፈትቶ መጣ። ፍሬኗ በሙሉ ተለወጠ፤ የጎኗም ሳንቃ እንደ አዲስ ተመታ። የአውድማ ገለባ በነፋስ እየመጣ ቅባት በነካው ነገር ሁሉ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ሞተሯ ፀሐይ ሲያገኘው ወርቅ የተቀባ ይመስላል። እኔ የስፌቴን ሥራ ትቼ የመቀመጫዋን ልብስ ከአሮጌ ሸራ ቆርጬ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብዬ በእጄ እሰፋ ነበር። አንድ ቀን ሙቀቱ አሸነፈኝና እዚያው መርፌዬን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ መኪናዋ ትሄዳለች፤ መንገዱ ነጭ ነው፤ ዛፎቹ እየመጡ በመስኮቱ ያልፋሉ፣ ነፋሱ ፊቴን ይነካዋል። ስነቃ አባቴ አጠገቤ ሾፌሩ ቦታ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኗል። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፤ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ድሮ ትንሽ ልጅ ሳለሁ እያጫወተኝ እንደሚያደርግልኝ፣ የሞተር ድምፅ በቀስታ ያሰማል። ማርሽ ለወጠ። እግሩም ተንቀሳቀሰ።

"ወገዳ ደረስን?" አልኩት።

ዓይኑን ሳይገልጥ "ገና ነን፣ ተኚ" አለኝ። እኔም መልሼ ተኛሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ሞተሩ የተነሣበት ቀን ጥቁር ጭስ ግቢያችንን ሸፈነው። ጎረቤት ቤታችን ተቃጠለ ብሎ ውሃ ይዞ መጣ። ጭሱ ሲገለጥ የቀረው ድምፅዋ ነበር፤ ያ ድሮ ከሩቅ ሰምተን ራት የምናቀርብበት ድምፅ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፣ በጭሱ አመካኘሁ እንጂ።

የእናቴ ጥፋት የመጣው ይሄኔ ነው። መካኒኩ "ነገ ራዲያተሯን ውሃ ሞልተን እንሞክራታለን" ብሎ ሄደ። እናቴ በጠዋት ተነሥታ፣ እሱን ለመርዳት ብላ፣ ከደብሩ በጀሪካን ያስመጣችውን ጠበል በሙሉ ራዲያተሩ ውስጥ አንቆርቁራ ጠበቀችን። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። "ከሞተሯ ጀምሮ ተጠምቃ ትሂድ ብዬ ነው" አለች። ሁላችንም አሜን አልን። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት እንደቆየ ግን ከታች ያለው ጎማ ቱቦ ተተረተረና ውሃው መንጠባጠብ ጀመረ። ቱቦው እንዲቀየር ራዲያተሩ ባዶ መሆን አለበት። መካኒኩ ከስር ተንጋሎ ማፍሰሻውን ሊከፍት እጁን ሲልክ እናቴ ጮኸች።

"ጠበል መሬት ላይ አይደፋም!"

"እትዬ፣ ይሄ ራዲያተር ነው፣ ገንቦ አይደለም!"

"ውስጡ ያለው ግን ጠበል ነው። እግር በሚረግጠው መሬት ላይ ታፈሳለህ? ባንተ ያምራል?"

መካኒኩ ከስር ተንጋሎ እንዳለ እጁን መለሰ። ጠበል እንደማይደፋ እሱም ያውቃል፤ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ሌላ አገር ቢሆን በአንድ ባልዲ የሚያልቅ ነገር እኛ ጋ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሳፋ፣ ገንቦ፣ ጀሪካን፣ የኔ የጨርቅ መንከሪያ ሳይቀር ከመኪናዋ ስር ተደረደረ። የወጣው ጠበል ግን በዝገት ቀልቶ የክረምት ጎርፍ መስሏል። አይጠጣ፣ አይደፋ። መካኒኩ ቱቦውን ከቀየረ በኋላ "ይሄን መልሼ ከጨመርኩት ዝገቱ ቧንቧውን ሁሉ ይደፍነዋል" አለ። እናቴ "ሌላ ውሃ አይገባባትም" አለች። ሁለቱም ወይ ፍንክች። አባቴ ግድግዳው ስር ተቀምጦ ፊቱን ወደ ድምፃቸው እያዞረ ይሰማል፣ ፀሐይዋም ትሄዳለች።

ትዕግሥቴ አለቀ። ቤት ገብቼ ለገበር ያስቀመጥኩትን ነጭ አቡጀዲ አወጣሁና ሳፋው ላይ ወጠርኩት። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እናቴ ያዝን፤ መካኒኩ ከላይ አንቆረቆረ። ጠበሉ ዝገቱን ጨርቁ ላይ እየተወ፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ ጠርቶ ወረደ። ደግመን አጠለልነው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ጠብታውን ሲያዳምጥ ቆየና "ዝናብ ይመስላል" አለ። ሲያልቅ አቡጀዲው መሃል ላይ እንጀራ የሚያህል ቀይ ክብ ቀርቶ ነበር። ያ ውድ ጨርቄ እንዲያ ሲሆን ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ አልተናደድኩም።

ወሬው ከተማውን አዳርሷል። የስለት እህል ነው ሲባል ሰው ሁሉ እጁን ጨመረበት። ዘመዶቻችን ስንዴና ገብስ በጆንያ አመጡ፤ ጎረቤቶቻችን በቁና ባቄላ ይዘው ይመጣሉ፣ አንዲት አሮጊት በመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችውን ሽምብራ ፈትታ ጆንያው አፍ ላይ አፈሰሰች። ጭነቱ ሲሞላ፣ አንድ ጠዋት ወደ ቤተ ልሔም ተነሣን። መካኒኩ ይነዳል፣ አባቴና እናቴ ጋቢና ናቸው፣ እኔ አቧራ እንዳያገኘው ብዬ አቡጀዲውን ጆንያዎቹ ላይ ዘርግቼ ከላዩ ተቀምጫለሁ። ያ ቀን እስካሁን እውነት አልመስል ይለኛል። ዛፎቹ እንደ ሕልሜ እየመጡ ያልፋሉ። ድምፅዋን ያወቁ ሽማግሌዎች ከደጃፋቸው ቀና ብለው እጃቸውን ያነሣሉ፤ አንዳንዶቹ የሞተ ሰው ሰላምታ የሰጣቸው ያህል ቆመው ይቀራሉ። አዲሱ ቱቦም እንደ አሮጌው አመል ነበረውና በመንገዱ ሁሉ ጠብ ጠብ እያለ ሄደ። ከጀሪካኑ ጠበል ልንጨምር ቆም ባልን ቁጥር እናቴ ኋላ ዞራ የመንገዱን እርጥብ ነጠብጣብ እያየች ትብሰለሰላለች።

"ይኸው ጠበሉ መንገድ ለመንገድ ፈሰሰ! ሰውም ከብትም ሊረግጠው!"

"ተይው" አላት አባቴ። "ይሄ መንገድ ከኛ በላይ ታሟል።"

እናቴ ልትቆጣ አስባ ሳቅ አመለጣት።

ቤተ ክርስቲያኑ ከታየ በኋላ አንድ ሜዳ አለ። በአንድ በኩል የተማሪዎቹ ጎጆዎች ተደርድረዋል፣ በሌላው በኩል መሬቱ ተቆርጦ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። መካኒኩ እዚያ ላይ አቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ዞሮ በሩን ከፈተ።

"ጋሼ፣ ከዚህ ወዲያ የእርስዎ ነው።"

አባቴ መሪውን ያዘ። መካኒኩ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን የእጅ ፍሬኑ ላይ አደረገ። እናቴ ወርዳ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረች። መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ወደ መስኮቱ ቀረብኩ። አባቴ ፊት ለፊት አፍጥጦ ያያል፣ ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ተማሪዎቹ ደበሎ ለብሰው ወጥተው ቆመዋል፤ ደበሎው፣ ጎጆው፣ የደረቀው ሣር፣ ሁሉም አንድ መልክ ነው።

"ምንም አይለይልኝ" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሜዳው ሁሉ አንድ ነው። የሰው ልጅ ላይ ብወጣስ?"

እዚህ ደርሶ መሪውን ሊለቅ ነው። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም፤ ጆንያዎቹ ላይ ወጥቼ አቡጀዲውን ገፈፍኩትና ከራሴ ጀምሬ በጀርባዬ ላይ ዘርግቼ ለበስኩት። ከመኪናዋ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

"አባባ! ነጭ ይታይሃል?"

"ይታየኛል።"

"እሱን ተከተል።"

መካኒኩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "አትሩጪ! ወደኋላም አትዙሪ!" አለኝ። ብዞር ጨርቁ ይታጠፋል፣ ጨርቁ ከታጠፈ ይጠፋበታል። ማርሹ ገባ፣ ከኋላዬ ያ ሁሉ ክብደት መንቀሳቀስ ጀመረ። ፈራሁ፤ ፈራሁ ነው እንጂ ሌላ ቃል የለውም። የሞተሯ ሙቀት ጀርባዬን ይነካኛል። እሱ በዓለም ላይ የሚያየው እኔን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ እሱን አላየውም። ተማሪዎቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ወደላይና ወደታች ይላል። እየዘመሩልን ነው፣ ግን ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሚሰማኝ የለም። እግሬ መሬት የሚረግጥ አይመስለኝም። ሕልም ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው፣ በሩ እየቀረበም እዚያው ያለ ይመስላል። ከደጀ ሰላሙ ፊት ስደርስ ቆምኩ። ሙቀቱ መጥቶ ጀርባዬ ጋ ሲደርስ ጨርቁ አንድ ጊዜ ተርገበገበ፤ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ዜማው የተሰማው፤ ሲዘመር ቆይቶ ልክ እንደዚያው መሃሉ ላይ፣ በሙሉ ድምፅ።

አባቴ ግንባሩን መሪው ላይ አድርጎ ያለቅስ ነበር። "አደረስኩ" ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ደግፈን አወረድነው። የጉባኤው መምህር ወጡና ባረኩት፤ እሱ ከጠፋባቸው የኔታ በኋላ ወንበሩን የወረሱ ሰው ናቸው።

"እርስዎም የዚሁ ጉባኤ ተማሪ ነበሩ አሉ" አሉት።

"ነበርኩ የኔታ። ሳልሰናበት ነው የሄድኩት።"

"እንግዲያስ ዛሬ ተሰናብተው ይሂዱ" አሉና መስቀላቸውን ሰጡት።

እህሉ በተማሪዎቹ ትከሻ ሲገባ አባቴ ጎኔ ቆሞ አቡጀዲውን ያዝ አደረገው። "መሃሉ ላይ ቀይ ነገር አለው" አለኝ። "ከዚያ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም።"

"ዝገቱ ነው" አልኩት።

"ጠበሉ ነው" አለች እናቴ።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ጓሯችን አልቆመችም። አባቴ "ሥራዋን ጨርሳለች፣ አሁን ላንተ ትሥራ" ብሎ ለመካኒኩ ሰጠው፤ ከእስቴ በኩል ድንጋይና አሸዋ ያመላልስባት ጀመር። በነበረችበት ቦታ የጎማዎቿ ጉድጓዶች ቀሩ፤ እናቴ ጌሾ ተከለችባቸው። አባቴ ከልማዱ የተነሣ ለጥቂት ጊዜ በጠዋት ወደ ጓሮ ይሄድ፣ እጁን ይዘረጋ፣ ባዶውን ነክቶ ይመለስ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት መውጣቱን አቆመ። ብርሃኑ አልቆ ነበር። አልተማረረም፤ መኪናዋ በከተማው ስታልፍ ድምፅዋን ሰምቶ "ማርሽ አዘገየ" እያለ መካኒኩን ይተቻል።

አንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ፣ ጉም በመስኮቱ ገብቶ ቤቱን ሁሉ ነጭ ባደረገበት ሰዓት፣ "እስቲ ያንን ጨርቅ አምጪው" አለኝ። ከሳጥን አወጣሁት። ገበር አላደረግኩትም፣ አላጠብኩትምም። ጉልበቱ ላይ ዘረጋሁለት። መዳፉን በቀስታ ከዳር እስከ ዳር አንሸራተተና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አቆመ።

"እዚህ ጋ ነው፣ ቀዩ" አለ። "ከዚያ ቀን ወዲህ አጥርቼ ያየሁት ነገር የለም። የመጨረሻዎቹ አንቺና ይሄ ናችሁ።"

ጣቱ ያረፈው ንጹሑ ነጭ ላይ ነበር። ዝገቱ ከእጁ ስንዝር ይርቃል።

"አዎ አባባ፣ እሱ ነው" አልኩትና፣ እንዳይታወቀው ጨርቁን ቀስ አድርጌ ወደ እኔ ሳብኩት፣ ቀዩ ጣቱ ስር እስኪመጣ ድረስ።